ያሳመመኝም ያሳከመኝም ያው ሥራ

ይህን የምታነቡ ሹፌሮች ካላችሁ፣ ወይም ባላችሁ ወይም ሚስታችሁ ሹፌር ከሆኑ፣ ሳል ሲጀምር «ያልፋል» አትበሉ። እኔ ብያለሁ። ሁለት ዊንተር፣ ሁለት የበረዶ ወቅት አለፈ፤ ሳሉ አላለፈም።

ስሜ ሰዓዳ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። አሁን ከባለቤቴ ከጀማልና ከልጃችን ከኢክራም ጋር አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ እንኖራለን፤ የምሠራው ግን የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሬ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ለሆቴሎችና ለሆስፒታሎች የታጠበ አንሶላና ፎጣ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ የጭነት መኪና እነዳለሁ። ሂጃብ ያደረገች ሴት ያን ከሚያህል መኪና ስትወርድ ሲያይ የሚደነግጥ አይጠፋም። እኔ ግን መሪ መያዝ እወዳለሁ። መጀመሪያ የሆቴል ክፍል ነበር የማጸዳው፤ መንጃ ፈቃዱን ያገኘሁት ደጋግሜ ወድቄ ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ ሊጎዳኝ ይችላል የሚል ሐሳብ በአጠገቤም አላለፈ።

የምንጭንበትን ቦታ ዶክ እንለዋለን። ጣሪያ ያለው ረጅም አዳራሽ ነው፤ መኪኖቹ ጎን ለጎን ቆመው ጋሪዎቹን እየገፋን እንጭናለን። መኪኖቹ ሁሉ ናፍጣ ናቸው። ጋሪ የሚያነሣው የኋላ ማንሻ ባትሪ ይጨርሳል ስለሚባል፣ ስንጭን ሞተር አይጠፋም ነበር። ብርድ ሲመጣ ደግሞ ትልልቆቹ በሮች ይወርዳሉ። ያኔ ጭሱ መውጫ ያጣና ከመብራቶቹ ሥር እንደ ጉም ይንሳፈፋል። ሸሚዛችን፣ ጸጉራችን፣ ምሳ የምንይዝበት ቦርሳ ሳይቀር ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ቤት ስገባ ኢክራም አፍንጫዋን ይዛ «ማሚ፣ መጀመሪያ ሻወር!» ትለኝ ነበር። እንስቅ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ደረቅ ሳል ነው። ቀጥሎ ደረቴን በመቀነት ጠፍረው እንዳሰሩኝ ያለ ጭንቅ መጣ። ደረጃ ስወጣ መሐል ላይ እቆም ጀመር። ሰው እንዳያየኝ ስልክ የማይ እመስላለሁ።

ቤታችን አጠገብ ወዳለ፣ ሰው ያለ ቀጠሮ ወደሚያዩበት ክሊኒክ ሄድኩ። የመጀመሪያው ሐኪም ቶሎ አየኝና የዛፍ አበባ አለርጂ ነው ብሎ ኪኒን ጻፈልኝ። ውጪ በረዶ ተቆልሏል፤ የምን አበባ ነው ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ሐኪም ነዋ! ኪኒኑ መሪ ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለኝ ተውኩት። ሁለተኛዋ የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮሽ እየወጣ ነው፣ ከሚያቃጥል ምግብ ራቂ አለችኝ። ጀማል ብቻሽን አትብዪም ብሎ ከኔ ጋር አልጫ መብላት ጀመረ። ቀይ ወጥ የሚወድ ሰው ነው፤ ያን ውለታውን አልረሳም። ሳሉ ግን ለአልጫውም አልራራ። ሦስተኛው ክሊኒክ ደግሞ ደረቴን አዳምጦ «አሁን ንጹሕ ነው» አለና ቤት ውስጥ ችግር አለ ወይ፣ ባልሽ ይቆጣሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጭንቀት ነው አለ። የጭንቀት መድኃኒት ይዤ ወጣሁ።

ቨርጂኒያ ውስጥ በርክ በምትባል ከተማ የምትኖረው የጀማል እኅት ፋጡማ ማርና የተፈጨ ጥቁር አዝሙድ ይዛ መጣች።

«ዐይን ነው» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ወንዶቹ የሚፈሩትን መኪና እየነዳሽ በሰው ፊት ታልፊያለሽ፤ እንዴት አያዩሽ!»

«ዐይኑስ ለምን ቅዳሜና እሑድ ያርፋል?» አላት ጀማል። ቀልዱን ነበር። ግን ካለው በኋላ ቀና ብሎ አየኝ።

እውነቱን ነበር። ቅዳሜ ማታ ሳሉ ይቀንሳል፤ እሑድ እንደ ሰው እተነፍሳለሁ። ሰኞ ከሥራ ስመለስ ያው ነኝ። ነገሩ ይበልጥ የገባን አትላንታ ለዘመድ ሠርግ በሄድን ጊዜ ነው። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ደረቴን አልያዝኩም። ከልጃገረዶቹ እኩል ስጨፍር አመሸሁ። ስንመለስ አየር ማረፊያው ውስጥ ጀማል ቦርሳውን አስቀምጦ፣

«ሰዓዳ፣ የሚያሳምምሽ ሥራሽ ነው» አለኝ።

«እና ልተወው?»

«ተይው።»

«ኢንሱሊንህስ?»

ጀማል ስኳር አለበት። በራሱ መኪና ሰው እያመላለሰ ነው የሚሠራው፤ የጤና ኢንሹራንስ የለውም። የሁለታችንም፣ የኢክራምም ሕክምና የሚመጣው በኔ ሥራ ነው። ሥራውን ብተው ሳሉ ይተወኝ ይሆናል፤ ግን መታመሜን የሚያይልኝ ሐኪምም አብሮ ይሄዳል፤ የጀማል መርፌም ይሄዳል። ሌላ ሥራ ፈልጌያለሁ። አንዱ ኢንሹራንስ የለውም፤ ሌላው ያለው ከወራት በኋላ ነው፤ ሌላውም ያው የናፍጣ መኪና ነው። ኢክራም በእንግሊዝኛ «ለአለቆችሽ ዝም ብለሽ አትነግሪያቸውም?» ትለኛለች። እዚህ አገር ተወልዳ ያደገች ልጅ፣ መናገር እንዲህ ቀላል ይመስላታል።

የማልናገርበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ትልቅ መኪና የሚነዳ ሰው በየጊዜው ተመርምሮ የጤና ካርድ ማሳደስ አለበት። ዶኩ ላይ የሚወራው ደግሞ «መተንፈሻ ላይ ችግር ካገኙብህ ካርድህን ይቀሙሃል» የሚል ነው። ካርድ ከሌለ መንዳት የለም፤ መንዳት ከሌለ ኢንሹራንስ የለም። ስለዚህ ሳሌን እንደ ሌባ ደበቅኩት። ጋሪ ስገፋ ትንፋሼን እይዛለሁ። መኪናው ውስጥ ብቻዬን ስሆን መስኮት ዘግቼ እስለዋለሁ። ተጋድሜ መተኛት ስላልቻልኩ በሦስት ትራስ ተደግፌ ማደር ጀመርኩ፤ ጀማል ተኝቻለሁ ብሎ እንዲያምን ደግሞ ዐይኔን እጨፍናለሁ። እሱም እንዳልተኛ አውቃለሁ።

በዚያው ሰሞን ድርጅቱ ስብሰባ ጠራን። የኤሌክትሪክ የጭነት መኪኖች ተገዝተዋል ተባለ። ለአየር ንብረቱም ለጤናም ነው አሉን፤ ኬክ ተቆረጠ። እኔ ኬኩን እየበላሁ በልቤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። መኪኖቹ ግን ወደኛ አልመጡም። ራቅ ያለ፣ አዲስና ሰፊ ግቢ ያለው ሌላ ቅርንጫፍ አለ፤ ወደዚያ ሄዱ። እዚያ ያሉት ትልልቅ ሆቴሎች ንጹሕ መኪና እንዲመጣላቸው ጠይቀዋል ተባለ፤ የኛ ሕንፃ ደግሞ አሮጌ ስለሆነ ለቻርጅ የሚበቃ መብራት የለውም። እሺ። ከዚያ ቅርንጫፍ የተነሡት የናፍጣ መኪኖችስ የት ሄዱ? ወደኛ መጡ። ዶካችን ይበልጥ ተጨናነቀ፤ ጭሱም በዚያው ልክ። ከግቢያችን አጥር ጀርባ አፓርትመንት አለ፤ አብዛኞቹ እንደኛው መጤዎች ናቸው። ጠዋት እናቶች የልጆቻቸውን አፍ በስካርፍ ሸፍነው ስኩል ባስ ሲጠብቁ አይ ነበር። ስካርፉን ያደረጉት ለብርዱ መስሎኝ ነበር። በኋላ አንዷ ለጭሱ ነው አለችኝ።

የወደቅኩበት ቀን ፀሐያማ ነበር። ሜሪላንድ በኩል ካሉ ሆቴሎች ያገለገለ አንሶላ ጭኜ ወደ አሌክሳንድሪያ ስመለስ፣ የዊልሰን ድልድይ ላይ ከፊት መኪና ተጋጭቶ መንገዱ ቆመ። ከፊቴ ትራክ፣ ከኋላዬ ትራክ፣ በጎኔ አስፋልት የጫነ ገልባጭ። ሁሉም ሞተራቸውን አላጠፉም። መስኮት ዘጋሁ፤ ጭሱ በማሞቂያው ቀዳዳ ገባ። ከፈትኩ፤ ባሰ። መጀመሪያ ሳልኩ፤ ከዚያ ሳሉ ቆመ፤ የሚያስፈራው እሱ ነው። አየር ይገባል፤ አይወጣም። ደረቴ ሞልቶ ሞልቶ ሊፈነዳ እንደደረሰ ፊኛ ተወጠረ። ወደፊት መሄድ የለ፣ ወደኋላ የለ፣ ከሥር ፖቶማክ ወንዝ ነው። እዚህ ታሽጌ ልሞት ነው አልኩ።

ለጀማል ደወልኩ። ድምፅ ማውጣት አልቻልኩም። እሱ የሚሰማው የትንፋሼን ማፏጨት ብቻ ነው።

«ሰዓዳ? ሰዓዳ! የት ነሽ?»

«ድል…ድዩ» አልኩ።

ገባው። አምቡላንስ የጠራልኝ እሱ ነው። እስኪመጡ ድረስ ከጎኔ ካለች ፒክአፕ አንድ ቀለም የተረጨበት ቱታ የለበሰ ሰውዬ ወርዶ በሬን ከፈተ። በስፓኒሽ ነው የሚያወራኝ፤ አንድ ቃል አልገባኝም። እጄን ይዞ፣ ከንፈሩን እንደሚያፏጭ ሰው ሰብስቦ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤ እንዲህ አድርጊ ማለቱ ነው። አደረግኩ። ያን ሰው ዳግም አላየሁትም። አላህ ያለበት ቦታ ይጠብቀው።

ሆስፒታል ጭንብል አድርገውልኝ እንደ እንፋሎት ያለ መድኃኒት ተነፈስኩ። ደረቴ ቀስ እያለ ሲላቀቅ እንባዬ መጣ። በማግስቱ ያየችኝ የሳንባ ሐኪም ሕንዳዊት ናት፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሹፌር ነሽ ወይ ብለው ሌሎቹም ጠይቀውኝ ነበር። እሷ ግን እንዲህ አለች፦

«ስትሠሪ የምትተነፍሺው ምንድን ነው?»

የዶኩን ነገር ነገርኳት። የእረፍት ቀናቱን፣ አትላንታን፣ ሁሉንም። በቱቦ አስነፋችኝ፣ መድኃኒት አስሳበችኝ፣ እንደገና አስነፋችኝ። አስም ነው አለች። በልጅነት ብቻ የሚጀምር ይመስለኝ ነበር፤ በጉልምስናም ይጀምራል፣ የሚያስነሣው ወይም የሚያብሰው ሥራ ላይ ያለ ጭስ ሊሆን ይችላል አለችኝ። የአየር ቧንቧዎቼ ተቆጥተው ጠበዋል። በየቀኑ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ ኢንሄለር ሰጠችኝ፤ ሲያጣድፈኝ የምስበው ሌላ ጨመረችልኝ።

«ከጭሱ መራቅ አለብሽ» አለች።

«ኢንሹራንሴ ያለው እዚያው ጭሱ ውስጥ ነው» አልኳት።

ብዕሯን አስቀመጠች። ስለ ጤና ካርዱ ስነግራት ሳቀች፤ በመድኃኒት ልክ የያዘ አስም ብቻውን መንዳት አይከለክልም አለችኝና ለመርማሪው የሚሆን ወረቀት ጻፈችልኝ። ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። መርማሪው ወረቀቱን አይቶ፣ ቱቦ አስነፍቶ፣ ቶሎ ተመልሼ የማሳድሰው የአጭር ጊዜ ካርድ ሰጠኝ። አልቀማኝም። ያን ያህል ጊዜ እንደ ግንብ ከቦ ያቆመኝ ወሬ ነበር። ለሁሉም እንደኔ ይሆናል አልልም፤ ሕመሙ ካልተያዘ ሊከለክሉ ይችላሉ። ግን የተደበቀ ሕመም አይያዝም።

ካርዱን ይዤ ወደ ዶኩ ተመለስኩ፤ ወዴት እሄዳለሁ? ማስክ አደርጋለሁ፣ ኢንሄለሬን እስባለሁ፤ ሰኞ ደህና ነኝ፤ ሐሙስ ደረቴ መታሰር ይጀምራል። በዚህ መሐል አንድ ቻርጀር ተተከለና ለኛም አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና መጣች። አንዲት! የምትሰጠው በአገልግሎት ዘመን ነው። ቀዳሚው ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው፤ ከኔ በፊት ብዙ ዓመት የነዱ፣ ጡረታ የደረሱ የአዲስ አበባ ሰው። በማንሻው መሥራት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እንደ አባት ነው የማያቸው። ቻርጀሩ አጠገብ አገኘኋቸው።

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር።»

«መኪናዋን ነው?»

«አዎ። ሐኪሟ…»

«ሰምቻለሁ።» መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሰዓዳ፣ እኔ እዚህ ዶክ ላይ ነው የሸበትኩት። አንቺ ሳንባሽን አስመርምረሻል። እኔ የኔን ለማስመርመር እፈራለሁ። መኪናዋን አልሰጥሽም።»

መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ልቤን የጎዳው መከልከላቸው አይደለም፤ እውነታቸውን መሆኑ ነው። ለሁለት ሳንባ አንድ መኪና። ለብዙ ቀን ሰላምታ ነሳኋቸው። ጀማል «ትልቅ ሰው ናቸው፣ ነውር ነው» ቢለኝም እምቢ አልኩ።

አንድ ጠዋት ጋሪዬን ስገፋ መንገድ ዘጉብኝ።

«ተቀይመሻል» አሉኝ። «መኪናዋን አልሰጥሽም አልኩ እንጂ ዝም እላለሁ አላልኩም። ነይ።»

«የት?»

«የኔ መኪና አታጨስም። ግን ግራና ቀኜ የቆሙት ያጨሳሉ። ምን ጠቀመኝ? ከዶኩ እስክወጣ የምተነፍሰው ያንቺን ናፍጣ ነው።»

ማናጀሩ ዘንድ አብረን ገባን። ከኋላችን ማርታ የምትባል ሳልቫዶራዊት ሹፌር ገባች፤ የሷም ሳል ከኔ የቆየ ነበር፤ ሌሎቹ ጋሪ እንዳይገፉ በስፓኒሽ የነገረቻቸው እሷ ናት። ጋሽ ሙሉጌታ ቆመው በረጅሙ፣ በማይቸኩል እንግሊዝኛቸው፣ «ሞተር ካልጠፋና በር ካልተከፈተ ዛሬ አንጭንም» አሉ። ማናጀሩ ሆቴሎቹ እየጠበቁ ነው አለ። «እኛም እየጠበቅን ነው» አሉት። ከዚያ ወደኔ ዞረው «ንገሪው» አሉኝ። ድልድዩን ነገርኩት። አሁን ያባርረኛል፣ የጀማል መርፌ፣ የልጄ ሕክምና እያልኩ ነው የተናገርኩት። ዶኩ ላይ ጋሪዎቹ እንደተደረደሩ ቆመዋል፤ የሚገፋቸው የለም።

ማናጀሩ በላይ ወዳሉት ደወለ። ደጋግሞ ደወለ። በመጨረሻ ከጋራዡ መካኒክ ተልኮ ማንሻዎቹን አንድ በአንድ አየ። ባትሪዎቹ ካረጁ ቆይተዋል። ደህና ባትሪ ቢኖራቸው ሞተር ማስነሣት አያስፈልግም ነበር። የዚያን ያህል ጊዜ ጭስ ስንጠጣ የኖርነው ባትሪ ባለመቀየሩ ነበር። ማርታ ይህን ስትሰማ የተናገረችውን ስድብ ማንም አልተረጎመልኝም፤ ገባኝ ግን።

ባትሪው ተቀየረ፤ ስንጭን ሞተር ይጠፋል፤ በሮቹ አይወርዱም። ብርዱ ጣታችንን ያደነዝዘዋል፤ ጓንት ደርበን እንጭናለን። እኔ ብርዱን ወደድኩት። ከወራት በኋላ የመብራቱ መስመር ተጠናክሮ ሌሎች የኤሌክትሪክ መኪኖች ሲመጡ ለኔም ደረሰኝ። መጀመሪያ የተነሣች አልመሰለኝም ነበር፤ ድምፅ የላትም። ጋሽ ሙሉጌታ ኋላ ተመረመሩ። ሳንባቸው ላይ ከኔ የከፋ ነገር ተገኘባቸው፤ ጡረታ ወጥተው እየታከሙ ነው። ያን ቀን መኪናዋን ሰጥተውኝ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ዛሬም እደነግጣለሁ።

ድኛለሁ? ኢንሄለሬን በየቀኑ እስባለሁ። ደረጃ ሳልቆም እወጣለሁ፤ ተጋድሜ እተኛለሁ፤ ጀማልም ቀይ ወጡን እየበላ ነው። ግን ሐኪሟ እንደነገረችኝ የተቆጣ ሳንባ ቁጣውን አይረሳም፤ ቤልትዌይ በሚባለው የቀለበት መንገድ ላይ ከትራክ ኋላ ስቆም ዛሬም ልቤ ይመታል። ከሥራዬም አልወጣሁም። ኢንሹራንሱ እዚያው ነው፤ እኔም እዚያው ነኝ።

ባለፈው ዊንተር አናንዴል ውስጥ አንድ ሥጋ ቤት ደጃፍ አንዲት የጭነት መኪና ቆማ አየሁ። የድርጅታችን ስም በነጭ ቀለም ተሸፍኗል፤ ከሥሩ ግን ይነበባል። ኤሌክትሪኮቹ ሲመጡ ከኛ ዶክ ከተሸጡት የናፍጣ መኪኖች አንዷ ናት። ሞተሯ አልጠፋም፤ ጭሱ የእግረኛ መንገዱን ሞልቶታል። ውስጥ አንድ ጎልማሳ ጋቢ ለብሶ ስልክ ያያል። መስኮቱን አንኳኳሁ።

«መንገድ ዘጋሁብሽ እንዴ እኅቴ?» አለኝ በአማርኛ፤ ከመስኮቱ ሙቀትና ናፍጣ አብሮ ወጣ።

«አይ። ሳል ይዞሃል?»

ደነገጠ። «ማን ነገረሽ?»

ነገርኩት። ዶኩን፣ ድልድዩን፣ ካርዱን፣ እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ፣ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቆሜ። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ስጨርስ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ታዲያ ነገ ምን ልንዳ?»

ሌላ መኪና ከየት አመጣለታለሁ? «ነገም ይቺኑ ትነዳለህ» አልኩት። «ግን ቆመህ ስትጠብቅ አጥፋት። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ደግሞ ሳይጠይቁህ በፊት ምን እንደምትነዳ ንገራቸው። አለርጂ ነው፣ ጨጓራ ነው ቢሉህ ተመልሰህ ሂድ። አብረውህ የሚነዱት ስንት ናቸው?»

«አራት ነን።»

«ይስላሉ?»

የሚስሉትን በጣቶቹ ቆጠረ። ከዚያ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደና ሞተሩን አጠፋው።